መንበርና ጉባኤ

ጉባኤ የሚለው ቃል በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንደበት ሁለት ቤት አለው። አንደኛው፣ የኔታ በዛፍ ጥላ ወይም በሣር ጎጆ ደጃፍ ተቀምጠው፣ ደበሎ የለበሱ ተማሪዎች ከበዋቸው፣ መጽሐፍ የሚተረጎምበትና ቅኔ የሚዘረፍበት የትምህርት ሸንጎ ነው። ሁለተኛው፣ ቃለ ጉባኤ የሚያዝበት፣ ማኅተም የሚመታበት፣ በጀት የሚጸድቅበትና ሹመት የሚወሰንበት የአስተዳደር ስብሰባ ነው። «እገሌ ጉባኤ ዘርግተዋል» ሲባል የመጀመሪያው፣ «ጉባኤው ወስኗል» ሲባል ደግሞ ሁለተኛው ይታሰባል። አንድ ቃል ሁለቱን ተሸክሞ መኖሩ የቋንቋ ገጠመኝ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የዚህች ቤተ ክርስቲያን ያለፉት መቶ ዓመታት ታሪክ፣ ሁለተኛው ጉባኤ እየገነነ የመጀመሪያው እየተረሳ የሄደበት ታሪክ ነውና ጉዳዩ ከቃል በላይ ነው።

ስለ ሃይማኖት ተቋማት በሚነሣው ክርክር ሁለት አስተያየቶች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው ወገን ሃይማኖት የልብ ጉዳይ ነው፤ ማኅተምና ቢሮ፣ መመሪያና ደመወዝ ከነፍስ ድኅነት ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም ይላል። ሁለተኛው ወገን በአንጻሩ መዋቅር ከሌለ ሃይማኖት አይኖርም፤ ስለዚህ መዋቅሩን የነካ ሃይማኖቱን ነካ ብሎ ይፈርዳል። ሁለቱም አስተያየቶች ከታሪክ ጋር ሲተያዩ ጎዶሎ ናቸው። የመጀመሪያው እምነት ከትውልድ ወደ ትውልድ በምን እጅ እንደተሻገረ አይጠይቅም። ሁለተኛው ደግሞ መዋቅሩ በማን እጅ እንዳለ፣ ለማን እንደሚታዘዝ፣ ባለሥልጣኑ ሲወድቅ ምን እንደሚተርፍ አይጠይቅም። የአንድ ተቋም ጥንካሬ የሚለካው ግን በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ሲነሣ የሚቀረው ምንድን ነው?

የሌለ ቀኖና የጠበቀው ወንበር

ፍሬምናጦስ፣ በኢትዮጵያ ስሙ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስናን ተቀብሎ ከመጣበት ጊዜ አንሥቶ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ከግብፅ ይላክ ነበር። ይህን ልማድ ያጸናው የሕግ ጽሑፍ በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 4 ይገኛል። ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል በራሳቸው ፈቃድ የበላይ አባት እንዳይሾሙ የሚከለክለው ይህ ድንጋጌ በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች ቃል ነው ተብሎ ለዘመናት ታምኗል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ያወጣቸው ቀኖናዎች 20 ብቻ ናቸው፤ ከ20ዎቹም አንዱ ስለ ኢትዮጵያ አያነሣም። ድንጋጌው ከብዙ ዘመን በኋላ በኒቅያ ስም በዓረብኛ ከተሰባሰቡት ቀኖናዎች የተገኘ ሲሆን፣ የግብፁ ሊቅ ወልደ አሳል በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባጠናቀረው መጽሐፍ በኩል ወደ ግእዝ ገባ።

በዚህ ጽሑፍ ምክንያት የደረሰው ችግር ቀላል አልነበረም። ሊቀ ጳጳሱ ሲያርፉ ንጉሡ መልእክተኛና ገጸ በረከት ወደ ካይሮ ይልካል፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በመካከል ያሉት ገዢዎች ያሻቸውን ያደርጋሉ፤ መንበሩም አንዳንድ ጊዜ ለዓመታት ባዶ ይቀመጣል። ጳጳስ ከሌለ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬስ በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ክህነት ሲቀበል አይቶ በመገረም ጽፏል። የሚቀጥለው ጳጳስ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት አገር ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ በር በተከፈተበት ቀን ሁሉም ይገባል።

እዚህ ላይ የሁለተኛው ወገን አስተያየት ይፈተናል። መዋቅር ከሌለ ሃይማኖት አይኖርም ከተባለ፣ የበላይ ወንበሩ በሌላ አገር ፈቃድ የሚሞላ፣ አልፎ አልፎም ባዶ የሚቀር፣ ተቀማጩም በአብዛኛው የሕዝቡን ቋንቋ የማያውቅ እንግዳ የሆነባት ቤተ ክርስቲያን ከ1,600 ዓመት በላይ እንዴት ቆመች? የአስተዳደሩ ከፊል በእጨጌው፣ ከፊሉ በንጉሡ እጅ ስለነበረ ነው የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ግን አይበቃም። ድጓው ሳይጠፋ፣ ትርጓሜው ሳይበረዝ፣ ቅዳሴው ሳይታጎል የኖረው በእጨጌ ደብዳቤ ወይም በንጉሥ ዐዋጅ አልነበረም። ያን ሸክም የተሸከመው ጉባኤ ቤት ነው።

ማኅተም የሌለው ሥርዓት

ጉባኤ ቤትን እንደ ልማድ ብቻ ማየት የተለመደ ስሕተት ነው። ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ መጻሕፍት ቤት የሚደርሰው ጉዞ በጥብቅ ደረጃ የተከፈለ ነው። ድጓ የሚመሰከረው በቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት በዙር አምባ፣ ቅዳሴ በደብረ ዓባይና በሰለልኩላ ነው። በቅኔ ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ እያንዳንዳቸው የታወቀ መንገድ አላቸው። መጻሕፍት ቤቱም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ ይከፈላል። አንድ ሰው «መምህር ነኝ» ብሎ በራሱ አንደበት ስለተናገረ መምህር አይሆንም። ከማን እንደተማረ፣ መምህሩ ከማን እንደተማሩ፣ የት እንደተመሰከረለት ይጠየቃል። ጉባኤ ቤት ይህን ሁሉ የሚያደርገው ያለ መዝገብ ቤትና ያለ ማኅተም ነው፤ ሥርዓት ግን ከዚህ የበለጠ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ጉባኤ ቤት ራሱ መደበኛ ተቋም ነው። ልዩነቱ ሥልጣኑ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከመምህር ወደ ተማሪ የሚወርድ መሆኑ ነው።

ይህ ማለት ግን ጉባኤ ቤት ከነቀፋ የነጻ ነው ማለት አይደለም። ይህን ለመረዳት በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መልካም ማሳያ ነው። ብዙ አንባቢ በልብ ወለዱ ውስጥ ቤተ ክርስቲያንን የሚፈልጋት በፊታውራሪ መሸሻ የነፍስ አባት በአባ ሞገሴ ነው፤ ካገኛቸውም በኋላ ሂሱን በካህኑ ጠባይ ላይ ይጨርሳል። የልብ ወለዱ ጥልቅ ሂስ ግን የሚገኘው በበዛብህ ሕይወት ነው። በዛብህ በልጅነቱ በሕመም ምክንያት እናቱ የተሳሉለት፣ በዚያም ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው። ቅኔን ያስተማረችው፣ ከድኻ ገበሬ ጎጆ አውጥታ የባላባት ልጅ አስተማሪ ለመሆን ያበቃችው ቤተ ክርስቲያን ናት። ሰብለወንጌልን የሚያገኘው በዚያው እውቀቱ ነው፤ እንዳያገባት የሚከለክለው ደግሞ፣ ከዘርና ከማዕረግ አጥር ሌላ፣ ያው ስእለት ነው። ራሱ ያልገባውን ቃል ለመፍታት አቤት የሚልበት ደጅ የለም። እዚህ ላይ ጥፋተኛው አንድ ክፉ ካህን አይደለም። ሥርዓት ሲጠብቅና የይግባኝ በር ሲያጣ የሚያደርገውን ደራሲው አሳይቷል።

ስለዚህ የጉባኤ ቤቱም ሆነ የስእለቱ ዓለም በራሱ ሙሉ አልነበረም። ድኻ ተማሪ ለምኖ እንዲበላ፣ መምህሩ በደጋፊ ቸርነት እንዲኖሩ፣ የነፍስ አባት በሚናዝዙት ጌታ ማዕድ እንዲጠገቡ ያደረገው የኑሮ ሥርዓት የራሱ ዋጋ ነበረው። «ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለአራሽ» የሚለው አባባል በተግባር እንደ ቃሉ ተፈጽሞ ይሁን አይሁን አከራካሪ ሊሆን ይችላል፤ የሚገልጸው አስተሳሰብ ግን ግልጽ ነው። ቀዳሹ የሚኖረው ከመሬት ነው፤ መሬቱ ከነጋሹ ጋር የተሳሰረ ነው። ነጋሹ ሲወድቅ ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ለብዙ ዘመን ያነሣው አልነበረም።

ከእስክንድርያ ወደ ቤተ መንግሥት

የመንበሩ ነጻነት ደረጃ በደረጃ መጣ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ፤ አቡነ ጴጥሮስና አቡነ ሚካኤል ከእነርሱ ሁለቱ ናቸው። በሐምሌ 1940 ዓ.ም. ከእስክንድርያ ጋር ስምምነት ተደረሰ፤ በጥር 1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ይህ ትልቅ ድል ነበር፤ የሌለ ቀኖና ለዘመናት የዘጋው በር ተከፈተ።

ሆኖም በዚሁ ጉዞ መካከል የታየ አንድ ፈተና ነበር። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሞቱ። በዚያው ዓመት ከእርሳቸው ጋር በካይሮ የተሾሙት አቡነ አብርሃም ለወራሪው ተገዝተው ነበር፤ በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያኖች ከእስክንድርያ የተለየች ቤተ ክርስቲያን አለቃ አድርገው ሾሟቸው። «ከእስክንድርያ ነጻ የሆነ መንበር» የሚለውን ምኞት ወራሪው ራሱ ለራሱ ጥቅም አዋለው ማለት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከባድ ነው። ወንበርን ከአንድ ጌታ ማላቀቅ ብቻውን ነጻነት አይሆንም፤ ማን ወንበሩን እንደሚሞላ የሚወስን ጽኑ ሥርዓት ከሌለ ሁለተኛው ጌታ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል።

ከነጻነት በኋላም ቢሆን ሁለተኛው ጌታ ሩቅ አልነበረም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ሲደነግግ፣ የጳጳሳቱን ሹመት በንጉሠ ነገሥቱ ማጽደቅ ላይ አንጠለጠለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 398 ለቤተ ክርስቲያኒቱ የሕግ ሰውነት ሰጣት። ማኅተሙ፣ ጽሕፈት ቤቱና ሕጋዊ ሰውነቱ ሁሉም ተሟሉ። ሁሉም ግን በአንድ ዙፋን ጥላ ሥር ነበሩ። እስክንድርያ የለቀቀችውን ገመድ ቤተ መንግሥት ያዘው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሰው ሞትና የሕግ ዕድሜ

አቡነ ቴዎፍሎስ በግንቦት 1963 ዓ.ም. ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆነው ተሾሙ። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ዕድሜ ያገኘው በ1965 ዓ.ም. የወጣው «ቃለ ዐዋዲ»፣ ማለትም የሰበካ ጉባኤ መተዳደሪያ ደንብ ነው። የደንቡ ሐሳብ ቀላል ይመስላል። በየአጥቢያው ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች የሚወከሉበት ጉባኤ ይመረጣል፤ ጉባኤው የደብሩን ገንዘብና ሥራ ይቆጣጠራል፤ ከአጥቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያም ወደ መንበረ ፓትርያርክ እየተያያዘ ይወጣል። ምእመኑ በአባልነት መዋጮ ቤተ ክርስቲያኑን ይረዳል፤ ከአጥቢያው ገቢም በመቶኛ ተሰልቶ ወደ በላይ አካላት ይሄዳል።

የዚህ ደንብ ትርጉም የታወቀው ከጥቂት ጊዜ በኋላ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች በዐዋጅ ተወረሱ። ዐዋጆቹ ለገባሩ ገበሬ የሰጡት ነገር ታላቅ መሆኑ አይካድም፤ ቀዳሹን ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ባዶ እጁን አስቀሩት። በዘመናት የተከማቸው ርስትና ጉልት፣ የከተማው ኪራይ ቤትም ቀረ። በዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን በሯን ያልዘጋችው፣ ካህኑ ከደጀ ሰላሙ ያልተበተነው፣ በመሬት ፈንታ የምእመኑ መዋጮ ስለተተካ ነው። መዋጮውን የሚሰበስበው፣ የሚመዘግበውና የሚያከፋፍለው አካል ከሁለት ዓመት በፊት በደንብ ተቋቁሞ ተገኘ። ሃይማኖት የልብ ጉዳይ ብቻ ነው ለሚለው ወገን ከዚህ የበለጠ መልስ አይገኝም፤ ያን ዘመን ያሻገረው ልብ ብቻ አልነበረም፤ ደረሰኝና የስብሰባ ወንበርም ነበሩ።

የደንቡ ባለቤት ዕጣ ግን ሌላ ሆነ። አቡነ ቴዎፍሎስ በየካቲት 1968 ዓ.ም. በወታደራዊው መንግሥት ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፤ ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ ያለ መንግሥት ፈቃድ ጳጳሳትን ሾመዋል የሚል ነበር። በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። በዚያው ክረምት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገደሉ። አቡነ ቴዎፍሎስ በሕይወት ሳሉ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በምትካቸው ተሾሙ፤ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያንም ሹመቱን አልተቀበለችም። የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅም ከተጣለበት ወጥቶ በክብር ያረፈው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሁለት ተቋማት ተፈተኑ። ፓትርያርኩ የተቀመጡበት መንበር ከላይ የተሰጠ ስለነበረ ከላይ በመጣ ትእዛዝ ባዶ ሆነ። ያወጡት ደንብ ግን በየአጥቢያው በብዙ እጅ የተያዘ ስለነበረ ማንም በአንድ ቀን ሊያነሣው አልቻለም። ሰውየው ሞተ፤ ደንቡ ካህናቱን መገበ። የመደበኛ ተቋም ኃይልና ድካም አንድ ላይ የታዩበት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው ታሪክ ማግኘት ያስቸግራል።

የጎረቤት መስተዋት

ጥያቄው የአንዲት ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። በግብፅ እ.ኤ.አ. በ1874 የተቋቋመው የኮፕቶች የምእመናን ምክር ቤት የቤተ ክርስቲያንን ሀብትና ትምህርት ቤት ለመቆጣጠር ተነሥቶ ከፓትርያርክ ቄርሎስ 5ኛ ጋር ተጋጨ፤ እ.ኤ.አ. በ1892 መንግሥት በመካከል ገብቶ ፓትርያርኩን ወደ ገዳም አጋዘ፤ በማግስቱ ዓመት ተመለሱ። የተማሩት ምእመናን ጥያቄ ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ የፈጸሙት ግን በመንግሥት ክንድ ስለነበረ ምክር ቤቱ በብዙው ሕዝብ ልብ አልገባም። የዚያው አገር ቤተ ክርስቲያን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያጸናችው የፓትርያርክ አመራረጥ ሥርዓት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ድምፅ ተሰጥቶ ሦስት ሰዎች ይለያሉ፤ የመጨረሻው በመንበረ ታቦቱ ፊት በሕፃን እጅ በዕጣ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ፓትርያርክ ታዋድሮስ 2ኛ የተመረጡት በዚህ መንገድ ነው። ዕጣው ለምእመኑ የእግዚአብሔር ፈቃድ የሚገለጥበት ነው፤ ለተቋሙ ደግሞ የትኛውም ኃያል አስቀድሞ ሰውየውን እንዳይቆርጥ የሚያደርግ አጥር ነው።

በኤርትራ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ የራሷን መንበር አቆመች። በ1996 ዓ.ም. የተሾሙት ሦስተኛው ፓትርያርክ አቡነ እንጦንዮስ ግን ብዙ ሳይቆዩ ሥልጣናቸው ተወሰደ፤ አስተዳደሩ ለአንድ ዓለማዊ ሰው ተሰጠ፤ እርሳቸውም በቁም እስር ኖረው በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ወር በኢትዮጵያ አቡነ መርቆሬዎስ ዐረፉ። ሁለቱም ከመንበር የወረዱ ፓትርያርኮች ነበሩ። አንደኛው ግን ለ27 ዓመታት ያህል በስደት ኖረው፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በተደረገው ዕርቅ ማዕረጋቸው ተመልሶላቸው በአገራቸው ሲያርፉ፣ ሌላው ዕርቁን ሳያዩ አለፉ።

በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት፣ በተለምዶ መጅሊስ በሚባለው ተቋም የተነሣው ጥያቄም ከዚሁ ጋር አንድ ነው። በ2004 ዓ.ም. ከአወሊያ ትምህርት ቤት የተቀጣጠለው የሙስሊሞች ተቃውሞ ተቋም ይፍረስ አላለም፤ ተቋሙ የእኛ ይሁን አለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ምርጫው የት ይካሄድ የሚል ነበር። ጠያቂዎቹ በመስጊድ ይሁን ሲሉ፣ ምርጫው በመስከረም 2005 ዓ.ም. በቀበሌዎች ተካሄደ። የድምፅ መስጫው ሣጥን የሚቀመጥበት ቦታ ጥቃቅን የአስተዳደር ጉዳይ ይመስላል፤ ተቋሙ የማን እንደሆነ የሚናገረው ግን እርሱ ነው። የምእመናኑ ተወካዮች ታሰሩ፤ ተቋሙም በዐዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው።

ያልተጨረሰው ደንብ

ወደ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ብሎ በአንቀጽ 11 ደንግጓል። በወረቀት ላይ ገመዱ ተቆርጧል። ከጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የታየው ግን ነገሩ እንዳላለቀ አስረድቷል። በዚያ ዕለት ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት በወሊሶ አካባቢ 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ከሲኖዶሱ ዕውቅና ውጭ ሾሙ፤ ሲኖዶሱ አወገዛቸው፤ በሻሸመኔ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በየካቲት ወር በመንግሥት ፊት ስምምነት ተደረሰ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ያሉ አባቶች በአክሱም የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። የጦርነቱ ቁስልና የዝምታው ቅሬታ ከዚህ ሹመት ኋላ ነበሩ።

እነዚህን ክሥተቶች በዘር ፖለቲካ ብቻ መተርጎም ቀላል ነው፤ ቀላል መሆኑ ግን በቂ አያደርገውም። በወሊሶ በኩል የቀረበው ቅሬታ አንዱ ክፍል በቋንቋ መገልገል ነበር፤ በትግራይ በኩል ደግሞ በመከራ ጊዜ የመንበሩ ድምፅ መጥፋት። ሁለቱም ቅሬታዎች የደረሰ ምእመን በየትኛው ደጅ አቤት እንደሚል የሚጠይቁ ናቸው። ቃለ ዐዋዲው ገንዘብና ሪፖርት ከታች ወደ ላይ የሚወጣበትን መንገድ ሠርቷል፤ እሮሮ ከታች ወደ ላይ የሚወጣበት መንገድ ግን እንደዚያ የተጠረገ አይደለም። ገንዘብ የሚሄድበት፣ ብሶት የማይሄድበት መሰላል ሲሰነጠቅ ብሶተኛው የራሱን መሰላል ያቆማል። ድርጊቱን ቀኖናው ያወግዘዋል፤ ምክንያቱን ግን ውግዘት አይፈታውም።

ደንቡ የዘነጋው ሌላ ወገን አለ፤ እርሱም የመጀመሪያው ጉባኤ ነው። ቃለ ዐዋዲው የተሠራው በአጥቢያ ላይ ነው፤ አጥቢያ ማለት ደግሞ ቤት፣ ቤተሰብና መዋጮ ነው። የቆሎ ተማሪው ግን ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ ነው፤ መዋጮ የለውም፤ በአባልነት የሚቆጠርበት ሰበካም የለውም። የድጓው መምህር አንድ ደብር ደጃፍ ተቀምጠው የሚያስተምሩት ለዚያ ደብር ብቻ አይደለም፤ ተማሪዎቻቸው ነገ በአዲስ አበባ፣ በአሥመራ፣ በኢየሩሳሌምና በዋሽንግተን ማኅሌት የሚቆሙ ናቸው። የሁሉ የሆነውን ነገር የአንድ ሰበካ ሙዳየ ምጽዋት እንዲሸከመው መተው የመዋቅሩ ትልቁ ጉድለት ነው። ከአጥቢያ ወደ ላይ የሚፈሰው መቶኛ ከላይ ተመልሶ ወደ ቤተልሔምና ወደ ዋሸራ የሚወርድበት የጸና ድርሻ ካልተቆረጠለት፣ ታላላቅ ሕንጻዎች ተሠርተው የሚቆምባቸው መሪጌታ የሚታጣበት ቀን ሊመጣ ይችላል።

ዘመናዊ አሠራርን የሚሹ ተቆርቋሪዎች መፍትሔውን በሒሳብ ምርመራ፣ በሥልጠናና በዘመናዊ ጽሕፈት ቤት ብቻ ሲፈልጉ ይታያሉ። ሒሳብ መመርመሩ ተገቢ ነው፤ ሙስና የሚጠፋው በስብከት ብቻ አይደለም። ነገር ግን የተስተካከለ ሒሳብ ያለው ባዶ ጉባኤ ቤት ማንን ያስተምራል? በሌላ ወገን «የጥንቱ ይበቃናል» የሚሉት ደግሞ የጥንቱን የሚያስተምሩት የኔታ በስተርጅና በምን እንደሚጦሩ አይጠይቁም።

ሁለቱ ጉባኤዎች አንዳቸው የሌላቸው ነገር በሌላው ዘንድ ይገኛል። መንበሩ ገንዘብ፣ ሕግና የመተካካት ደንብ አለው፤ ከውጭ እጅ ግን ገና አልዳነም። ጉባኤ ቤቱ የራሱን ምስክር ራሱ ይሰጣል፤ ንጉሥ ሆነ ሊቀ መንበር የቅኔ መምህር ሾሞ አያውቅም። ነገር ግን የኔታ ሲያርፉ ወንበሩን የሚተካ ቀለብ ከሌለ ተማሪው አኮፋዳውን አንሥቶ ይሄዳል፤ ጉባኤው ይፈታል፤ ማንም መግለጫ አያወጣም። ፓትርያርክ ከመንበር ሲነሣ ዓለም ይሰማል። የአንድ ጉባኤ መፈታት ግን የሚታወቀው ከ30 ዓመት በኋላ፣ ያን ዜማ የሚመራ ሲፈለግ ሲታጣ ነው።